የከርከሮ ሥጋ በልተው ዓይናቸው አበጠ፤ ታይፎይድ ነው?

ጥያቄው፦ «ከአስፋልት ርቆ በሚገኝ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ ቀበሌ አስተምራለሁ። በቆሎ የሚጠብቁ ወጣቶች ሰብል ሲያጠፋ ያገኙትን ከርከሮ ገደሉ። ግማሹን እዚያው እሳት ላይ ጠብሰው በሉ፤ የቀረውን ዘልዝለው፣ ጨውና በርበሬ ነስንሰው ከምድጃ በላይ ሰቀሉት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአራቱ ዓይን ዙሪያውን አበጠ፤ ትኩሳትና ከመኝታ የማያስነሳ የሰውነት ቁርጥማት ያዛቸው። ጤና ጣቢያ ሄደው የወባ ምርመራው ነጻ ሆነ፤ ‹ታይፎይድ ነው› ተብለው መድኃኒት ቢወስዱም ለውጥ የለም። አንዳንዱ ‹ከሥጋው ነው› ይላል፤ ሌላው ‹ደርቋል፣ ጢስ ጠግቧል፣ ምን ያደርጋል?› እያለ ቋንጣውን መብላቱን ቀጥሏል። አንድ አንድ የትል ክኒን ቢውጡ ይበቃቸዋል? ቋንጣውንስ ከተማ ወስደን ፍሪዘር ብናስገባው?»

ቋንጣውን መብላት ዛሬውኑ ይቁም። የታመሙት አራቱ ብቻ ሳይሆኑ ከሥጋው የቀመሰ ሁሉ ስሙ ተመዝግቦ ሐኪም ይየው። የዱር እሪያ ሥጋ ነው፤ በደንብ አልበሰለም፤ ሕመሙ የጀመረው ከተበላ ከሳምንት በኋላ ነው፤ ዓይን ዙሪያ ያብጣል፤ ጡንቻ ይቆረጥማል፤ አብረው ከበሉት መካከል ብዙዎቹ በአንድ ሰሞን ወድቀዋል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ላይ ሲገጥሙ፣ ሌላ ነገር እስካልተረጋገጠ ድረስ በሽታው ትሪኪኖሲስ ነው ብሎ መነሳት ይገባል። ትሪኪኔላ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ትል የሚያመጣው ሕመም ነው። ለአገራችንም አዲስ አይደለም፤ በጎጃም በዱር አሳማ ሥጋ ምክንያት ሰዎች በዚሁ በሽታ መያዛቸው እ.ኤ.አ. በ1992 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ኬንያም ውስጥ ከሰሃራ በታች ላለው አፍሪካ የመጀመሪያ የሆነው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1961 ተመዝግቧል፤ የሥጋው ምንጭ እዚያም የዱር አሳማ ነበር።

ብዙ ሰው የሥጋ ትል ሲባል ትዝ የሚለው ኮሶ ነው፤ የጥያቄዎ ግማሽ ስሕተትም ከዚያ ይመነጫል። ኮሶ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ መድኃኒት ሲወሰድ ይወጣል፤ ነገሩ ያበቃል። ትሪኪኔላ ግን አንጀት ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ሥጋው ጨጓራ ውስጥ ሲፈጭ እጮቹ ከከረጢታቸው ይወጡና ወደ ትንሹ አንጀት ግድግዳ ይገባሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ አድገው ይገናኛሉ። ከመጀመሪያው ሳምንት ገደማ ጀምሮ እያንዳንዷ እናት ትል በመቶዎች የሚቆጠሩ እጮች እየወለደች በደም ሥር ትለቃለች። እነዚህ እጮች ብዙ በሚሠሩ ጡንቻዎች ላይ ይሰፍራሉ፤ ዓይንን የሚያዟዙሩት፣ የመንጋጋ፣ የምላስ፣ ደረትን ከሆድ የሚለየው ስስ ጡንቻ፣ ክንድና ባት ዋነኞቹ ናቸው። የዓይን ዙሪያ እብጠቱና ሲያኝኩና ሲውጡ የሚሰማው ሕመም ከዚህ የመጣ ነው። ጡንቻ ውስጥ ገብተው ከረጢት ከሠሩ በኋላ ለዓመታት በሕይወት ይቆያሉ፤ በሰገራ ምርመራም አይገኙም። ስለዚህ «ሰገራው ንጹሕ ነው» የሚለው የላቦራቶሪ ወረቀት እዚህ ላይ ምንም አያረጋግጥም።

ሌላው ከኮሶ የሚለየው ነገር እርድ ላይ ያለው ነው። የበሬ ሥጋ ውስጥ ያለው የኮሶ እጭ የሩዝ ፍሬ ስለሚያክል ልምድ ያለው አራጅ ያየዋል። የትሪኪኔላ ከረጢት ግን ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም። ከርከሮው የሰባ፣ ሥጋውም ቀይና ጤነኛ ቢመስል ምንም ማለት አይደለም፤ እንስሳው ራሱ የሕመም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ከርከሮና የዱር አሳማ ሥር ቆፋሪ ብቻ አይደሉም፤ ጥንብ ካገኙም ይበላሉ። ትሉ በጅብ፣ በአንበሳና በነብር ሥጋ ውስጥ እየኖረ በጥንብ በኩል ወደ እሪያ ዘር ይሻገራል። ሚዳቋ፣ ድኩላና ጎሽ ሣርና ቅጠል በል በመሆናቸው በዚህ በሽታ ብዙም አይጠረጠሩም። አዞ ግን በጥርጣሬው ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ እርባታ ላይ በነበሩ አዞዎች የዚሁ ዘር የሆነ ትል ተገኝቷል።

ወደ ታይፎይዱ ልምጣ። ጤና ጣቢያው የተሳሳተበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ቀድሞ በነበረ ኢንፌክሽን፣ በክትባትና በሌሎች ባክቴሪያዎችም ምክንያት «ፖዘቲቭ» ይላል። ትኩሳት ይዞ የመጣ ሰው ወባው ነጻ ሲሆን ወደ ዊዳል፣ ከዊዳል ወደ አንቲባዮቲክ መሄድ የተለመደ መንገድ ሆኗል። ይሁንና ታይፎይድ የዓይን ቆብ አያሳብጥም። ከዚህም የተሻለ መለያ አለ፤ ለእሱም የሚያስፈልገው ጤና ጣቢያው ለወባ የሚጠቀምበት ማይክሮስኮፕና የጊምሳ ቀለም ብቻ ነው። ከበሽተኛው ደም ስስ ስላይድ ተዘጋጅቶ 100 ነጭ የደም ሕዋሳት ይቆጠሩ፤ ከመካከላቸው ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ስንት እንደሆኑ ይመዝገብ። በጤነኛ ሰው እስከ 5 ገደማ ናቸው። በታይፎይድ ይብሱን ይቀንሳሉ ወይም ይጠፋሉ። በትሪኪኖሲስ ግን 20፣ 30፣ አንዳንዴም ከ50 በላይ ይሆናሉ። አንድ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል፤ ቆላ ላይ የመንጠቆ ትልና ቢልሃርዚያ ስላለ ብዙ ሰው ያለ ትሪኪኔላም ቁጥሩ ከፍ ሊልበት ይችላል። ስለዚህ ከዚያው መንደር ሥጋውን ካልቀመሱ ሁለት ሦስት ሰዎች ደም ተወስዶ ይነጻጸር። የበሉት 35፣ ያልበሉት 8 ከሆኑ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ደግሞ ሲ.ኬ. የሚባለው የጡንቻ ጉዳት አመልካች ይለካላቸው፤ በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ በየቦታው አይገኝም፤ ቢገኝም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ምንም ላያሳይ ስለሚችል ውጤቱ «ነጻ» ነው ተብሎ ሕክምና አይቁም። ከጥፍር ሥር ቀጫጭን የደም መስመሮች፣ በዓይን ነጩ ላይም የደም ነጠብጣብ መኖሩን በእጅ ባትሪ ብርሃን ማየት ምንም ወጪ የለውም፤ ካለ ጥርጣሬውን ያጠነክረዋል።

ክኒኑን በተመለከተ አንድ አይበቃም። በትምህርት ቤት የሚታደለው 400 ሚሊ ግራም አልቤንዳዞል አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰደው አንጀት ውስጥ ላለ ወስፋት ነው። ለትሪኪኖሲስ የሚታዘዘው 400 ሚሊ ግራም ጠዋት፣ 400 ሚሊ ግራም ማታ፣ ከ8 እስከ 14 ቀን ነው፤ ለአንድ አዋቂ ከ16 እስከ 28 ክኒን ማለት ነው። በባዶ ሆድ ቢወሰድ አብዛኛው ወደ ደም አይገባም፤ ቅቤ ወይም ዘይት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ግን በደንብ ወደ ደም ይገባል። አልቤንዳዞል ካልተገኘ ሜቤንዳዞል ይተካዋል፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ለ10 ቀን። ይህን የምጽፈው ሰዎች ከሱቅ ገዝተው እንዲውጡት ሳይሆን፣ ጤና ጣቢያው አንድ ክኒን ሰጥቶ ቢያሰናብታቸው ትክክል እንዳልሆነ እንዲያውቁና እንዲጠይቁ ነው። እርጉዝ ሴት፣ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅና የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ያለ ሐኪም ውሳኔ አንዳቸውንም አይውሰድ። ሕክምናው ሲረዝም የጉበትና የደም ቁጥር ምርመራ ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ የራሱ ወሰን አለው። አንጀት ውስጥ ያሉትን እናት ትሎች በደንብ ይገድላል፤ ጡንቻ ውስጥ ከረጢት ሠርቶ የተቀመጠውን እጭ ግን ብዙም አያገኘውም። ለዚህ ነው ከተበላ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ የተጀመረ ሕክምና በሦስተኛው ሳምንት ከተጀመረው በብዙ የሚሻለው። ትናንትና ዛሬ ቋንጣውን የበሉት ሰዎች ምንም ሳያማቸው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያለባቸውም ለዚሁ ነው፤ ከሁሉም በላይ መድኃኒቱ የሚጠቅመው እነሱን ነው። ለታመሙት አራቱ ግን ሁለት ሳምንት አለፈ ብሎ መተው አይገባም፤ እናት ትሎቹ ገና እየወለዱ ሊሆን ይችላልና።

ሕመሙ ከበረታ ሐኪም ፕሬድኒሶሎን የመሰለ ስቴሮይድ በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ለ10 ወይም ለ15 ቀን ሊጨምር ይችላል። ስቴሮይዱ ብቻውን፣ ያለ ትል መድኃኒት፣ መሰጠት የለበትም፤ እብጠቱን ያጠፋል፣ ሰውየው ዳንኩ ይላል፣ ትሎቹ ግን አንጀት ውስጥ የሚቆዩበት ጊዜ ይረዝማል። የሳንባ ነቀርሳ ጥርጣሬ ካለም አስቀድሞ ይጣራ። የደረት ውጋት፣ የልብ ትርታ መዘበራረቅ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአእምሮ መቃወስ፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ወይም የአንድ ጎን አካል መዛል ከታየ ግን ነገሩ ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ ነው፤ በዚያው ዕለት ሆስፒታል መድረስ አለበት። በዚህ በሽታ ሰው የሚሞተው ብዙ ጊዜ አይደለም፤ ሲሞት ግን በልብ ጡንቻ፣ በአንጎል ወይም በሳንባ መቆጣት ነው፤ የዓይኑ እብጠት ከጎደለ በኋላም ሊመጣ ስለሚችል ለሁለት ወር ያህል ክትትል ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቋንጣው። ማድረቅ፣ ማጨስ፣ ጨው መነስነስ ትሪኪኔላን ይገድላል ተብሎ አይታመንም። ከምድጃ በላይ የተሰቀለ ዝልዝል የሚያገኘው ሙቀት ሥጋውን የሚያደርቅ እንጂ የሚያበስል አይደለም። ውጪው እንደ ቆዳ ሲጠነክር ወፍራሙ ክፍል ውስጡ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ እጩም እዚያ አለ። የጨው ዘዴ በሥጋ ፋብሪካ የሚሠራው የጨው መጠን፣ ሙቀትና የቀን ብዛት ተለክቶ ነው፤ በእጅ የተነሰነሰ ጨው በዚያ አይቆጠርም። በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ሎሚ ጣዕም ይሰጣሉ እንጂ እጩን አይነኩትም። ከሥጋው ጋር የሚጠጣ አረቄም ቢሆን እንደዚያው ነው፤ ይህ ወሬ ግን ከየት እንደሚፈላ እንጃ፣ በየአገሩ አለ።

ፍሪዘሩ ትንሽ የተለየ መልስ አለው። በለማዳ አሳማ ላይ ከ15 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ውፍረት ያለው ሥጋ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ 20 ቀን ቢቆይ ትሉ ይሞታል። በምሥራቅ አፍሪካ የዱር አራዊት ላይ የሚገኘው ትሪኪኔላ ኔልሶኒም ቅዝቃዜ አይችልም። በመርህ ደረጃ ስለዚህ ይሠራል። ግን መብራት በሚሄድበት ከተማ፣ በሩ በቀን ሃያ ጊዜ በሚከፈት የሱቅ ፍሪዘር ውስጥ 15 ዲግሪው ለ20 ቀን ሳይቋረጥ ስለመቆየቱ ማንም ሊምልልዎ አይችልም። ውጭ አገር ላሉ አዳኝ ወገኖች ደግሞ መልሱ ጭራሹን አይደለም ነው። በሰሜን አሜሪካ ድብ ላይ የሚገኘው ዝርያ በረዶ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ካናዳ ሳስካቼዋን ውስጥ የታደነ ድብ ሥጋ 45 ቀን በፍሪዘር ከቆየ በኋላ ሳውዝ ዳኮታ ላይ ለቤተሰብ ተጠብሶ ቀረበ፤ ስድስት ሰው ታመመ። ሥጋው ጥቁረት ስላለው መብሰሉን በቀለሙ መለየት አልተቻለም ነበር። ከታመሙት ሁለቱ ሥጋውን ጨርሶ ያልነኩ፣ አብሮ የተጠበሰውን አትክልት ብቻ የበሉ ናቸው። ቢላዋና መክተፊያ ላይ ቸል የሚል ሰው ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ልብ ይበል።

የሚገድለው ሙቀት ነው። የሥጋው መሃል 71 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መድረስ አለበት፤ እጩ ከዚያ ዝቅ ባለ ሙቀትም ይሞታል፣ ነገር ግን ሙቀት በሥጋ ውስጥ እኩል ስለማይዳረስ ትርፍ መያዝ ያስፈልጋል። ቴርሞሜትር በሌለበት ቦታ እሳት ላይ መጥበስን ተዉት። የፍም ጥብስ ውጪው ከስሎ መሃሉ ደም የሚያወጣበት አጋጣሚ ብዙ ነው፤ እርስዎ የጻፏቸውም ልጆች በዚሁ ነው የተያዙት ብዬ እገምታለሁ። ይልቅ ይቀቀል። ሥጋው ከሁለት ጣት ስፋት፣ ማለትም ከ3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይቆረጥ፤ አጥንት ያለው ለብቻው ይሰባበር። ውኃው ሥጋውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነው። ሥጋው ሲገባ መፍላቱ ይቆማል፤ እንደገና ተንተክትኮ መፍላት ከጀመረበት ደቂቃ አንስቶ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ድስቱ ተከድኖ ይፍላ። ለምላስና ለመንጋጋ ሥጋ የተለየ ጥንቃቄ ይደረግ፤ እጩ የሚበዛው እዚያ ሆኖ ሳለ አዳኞች መጀመሪያ ቆርጠው ፍም ላይ ጣል የሚያደርጉትም ብዙ ጊዜ እሱኑ ነው። ደጋ ላይ ያሉ ሰዎች «ውኃ ቶሎ ስለሚፈላ አይበስልም» ብለው ይሠጋሉ፤ ደብረ ብርሃን ላይ እንኳ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ለዚህ ትል ከበቂ በላይ ነው። ቢላዋው፣ መክተፊያውና እጅ በሙቅ ውኃና ሳሙና ከታጠቡ በኋላ ብቻ ሌላ ምግብ ይነካ። ሥጋ እየበሰለ ጨው መቅመስ ይቅር።

በዚህ መንገድ ከተቀቀለ የእናንተም ቋንጣ ትሉ ይሞታል። ያም ሆኖ ቤት ውስጥ እንዲቀር አልመክርም፤ አራት ሰው አሳምሟል፣ ከሰቀላው ላይ ቆርጦ በጥሬው የሚያኝክ ልጅ አይጠፋም። ጡንቻ ያለበት ጭብጥ የሚሞላ ቋንጣ በላስቲክ ታስሮ ለላቦራቶሪ ይቀመጥ። ሌላው ይቃጠል፤ ወይም ከአንድ ሜትር በላይ ተቆፍሮ ድንጋይ ተጭኖበት ይቀበር። ለውሻ መስጠትና ጫካ መጣል ጅብን እየመገቡ የሚቀጥለውን ከርከሮ መበከል ነው።

አቅም ያለው ጤና ጣቢያ ትኩስ ሥጋ ካገኘ በማይክሮስኮፕ ማየት ይችላል። ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ የስንዴ ፍሬ የሚያክሉ 28 ቁራጮች ተቆርጠው፣ በሁለት ስላይድ መካከል በኃይል ተጨፍልቀው፣ በ40 እጥፍ ይታያሉ። እንደ ጥቅልል የተጠመጠመ ትል ከታየ ምርመራው አልቋል። ካልታየ ግን ሥጋው ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ጥቂት እጭ ያለበት ሥጋ በዚህ ዘዴ ያመልጣል፣ ከረጢት የማይሠሩ ዝርያዎችም አሉ።

ሁሉም ከዱር ሥጋ የሚመጣ ሕመም ትሪኪኔላ እንዳልሆነም ይታወቅ። ከተበላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ትውከትና ቁርጠት ከመጣ፣ ሙቀት ላይ የዋለ ሥጋ ውስጥ ባክቴሪያ የፈጠረው መርዝ ይጠረጠራል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ተቅማጥና ትኩሳት ከሆነ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያና ዘመዶቹ ናቸው። ከሁሉ የሚያስፈራው አባ ሰንጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከ1,600 በላይ የዱር እንስሳት በዚህ በሽታ አልቀዋል። ለአባ ሰንጋ ዘር እንደ ትሪኪኔላ በቅቅል መተማመን አይቻልም፤ በድን ሲከፈትና አየር ሲያገኝ ደግሞ መሬቱ ውስጥ ለአሥርታት ይቆያል። ስለዚህ ሞቶ የተገኘ እንስሳ፣ በተለይ ቶሎ የተነፋና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚፈሰው፣ አይታረድ፣ አይገፈፍ፣ አይነካ፤ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር። ከዚህ ዓይነቱ እንስሳ ጋር የተነካካ ሰው እጁ ላይ የማያም ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ካወጣ በዚያው ቀን ሕክምና ያግኝ።

ፈቃድ የሌለው አደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ችግሩም እሱ ነው። ወጣቶቹ ጤና ጣቢያ ሲደርሱ የበሉትን የማይናገሩት ክሱን ፈርተው፣ አንዳንዱም በእምነቱ የተከለከለ ሥጋ መብላቱ ቤተሰቡ ጆሮ እንዳይደርስ ሠግቶ ሊሆን ይችላል። ነርሷ ካልጠየቀች፣ እነሱ ካልተናገሩ፣ ዊዳል ብቻውን ይናገራል። እርስዎ መምህር ነዎት፤ ከእነሱ ጋር አብረው ሄደው ለብቻቸው፣ ያለ ሌላ ሰው ጆሮ እንዲጠየቁ ያድርጉ።

ነገ ጠዋት የሚያደርጉት ይህ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ሥጋው የተበላበትን ቀን፣ የበሉትን ሁሉ፣ ማን ጥብሱን ማን ቋንጣውን እንደበላ፣ ማን መቼ እንደታመመ፣ ከቤቱ ያልበላው ማን እንደሆነ ይጻፉ። የታመሙትን አራቱን ወረቀቱንና ቋንጣውን አስይዘው ኢዮሲኖፊል ወደሚቆጠርበትና የልብ ምርመራ ወዳለበት ሆስፒታል ይላኩ፤ ያልታመሙትን ግን ከሥጋው የቀመሱትን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ ታማሚዎቹን ማግለል አያስፈልግም። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ቁርጥማቱና ድካሙ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ብቻውን ሕክምናው አልሠራም ማለት ስላልሆነ ክኒኑን በራሳቸው እንዳይደግሙት ይንገሯቸው።